ፍሪጅ ልጠግን ሄጄ ሄግልን ይዤ ተመለስኩ፦ የቱሉ ዲምቱው የቅዳሜ ፍልስፍና

አስቀድሜ ሒሳቤን ላወራርድ። ይህን የምጽፈው ሙሉ ክፍያ ከፍዬ አይደለም። ካፌ ውስጥ የሚሰጠው የአሥራ ሁለት ቅዳሜ የፍልስፍና ትምህርት 3,600 ብር ነው። እኔ በጥሬው የከፈልኩት 1,600 ነው። ቀሪው በጥገና ተቻችሏል። «ታዲያ ታዳላለህ» የሚለኝ ካለ መብቱ ነው። ጥገናው ግን የ2,000 ብር ጥገና ነበር፤ እንዲያውም ጋዙን በመጣበት ዋጋ ነው የሞላሁላቸው።

ሥራዬ ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን መጠገን ነው። ከቃሊቲ እስከ ኮዬ ፈጬ የማላውቀው ብሎክ የለም። ኅዳር ላይ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ ካፌ አላት። የኬክ ማሳያ ፍሪጇ አልቀዘቅዝ ብሏል። ስደርስ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ካፌው ውስጥ ከኬኩ ይልቅ መጽሐፉ ይበዛል። አሥራ ምናምን ሰው በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ አንድ ሽማግሌ ያዳምጣል። እኔ ፍሪጁን ከግድግዳው ጎትቼ ከኋላው ገባሁ።

ሽማግሌው «ኮንቲኔንታል ፍልስፍና» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ እያስረዱ ነበር። «እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ናቸው የለጠፉት» አሉ። «ከባሕሩ ማዶ ያለውን፣ ጀርመኑንም ፈረንሳዩንም ዴንማርኩንም፣ በአንድ ከረጢት ከተው አህጉሩ አሉት። ልክ አዲስ አበቤ ከኬላ ወዲያ ያለውን ሁሉ ክፍለ ሀገር እንደሚለው። የጎንደሩ ጎንደሬ ነኝ ይላል፣ የጅማው የጅማ ልጅ ነኝ ይላል። እስቲ እኔ የክፍለ ሀገር ሰው ነኝ ብሎ ራሱን የሚጠራ አሳዩኝ!»

ከፍሪጁ ኋላ ሆኜ ሳቄ አመለጠኝ።

«ማነው እዚያ ጀርባ የሚስቀው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ፍሪጅ ሠሪው።»

«በል እንግዲህ ስትጨርስ ወንበር ይዘህ ና።»

እንዲህ ነው የተመዘገብኩት።

ለማታውቁት፣ ቱሉ ዲምቱ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ነው። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ከመሃል ከተማ የምትመጡ ቃሊቲ ላይ ታክሲ ትቀይራላችሁ። ትምህርቱ 9 ሰዓት ስለሚጀምር ከሜክሲኮ የሚነሳ ሰው ምሳውን በጊዜ ይብላ። የካፌውን ስም አልጽፍም። ባለቤቷ «ሰው ከበዛ ወንበር የለኝም» ብላ ለምናኛለች። ብሎኮቹ መሃል ጀበናና መጽሐፍ የተሳለበት ቢጫ ሰሌዳ ፈልጉ። በዚያ ሰፈር ሌላ ቢጫ ሰሌዳ አላየሁም።

በሩ ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ «ዘመናዊ የአህጉር ፍልስፍና፣ ከካንት እስከ ደሪዳ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ይህ ጽሑፍ አንድ ሰው አሳስቷል። ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው። አህጉር ሲባል አፍሪካ መስሎት፣ ስለ ንክሩማ ልማር ብሎ መጣ። አይፈረድበትም። የአፍሪካ ኅብረት በተቀመጠበት ከተማ አህጉር ሲባል ሌላ ምን ይታሰባል? ነገሩ ሲገባው ብሩን አስመልሶ ሊሄድ ነበር። ጋሼ «እስከ ሦስተኛው ሳምንት ታገሠኝ» አሉት።

ካንት የተሰጠው ያቺ የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ብቻ ናት። ያኔ ትንሽ ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ይበቃል። ሰውዬው ከ1724 እስከ 1804 የኖረ፣ ከትውልድ ከተማው ከኮኒግስበርግና ከዙሪያዋ ርቆ የማያውቅ ነው። (የፈላስፎቹ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በ1781 ያወጣው ትልቁ መጽሐፍ በጋሼ አፍ እንዲህ ሆነ፦ አእምሮ መስታወት አይደለም፣ ምጣድ ነው። ከውጭ የሚመጣው ሊጥ ነው። እንጀራ የሚሆነው ምጣዱ ላይ ነው። ጊዜና ቦታ፣ ምክንያትና ውጤት የምንላቸው የምጣዱ እንጂ የሊጡ አይደሉም። ሊጡ ሳይጋገር በራሱ ምን እንደሆነ ደግሞ መቼም አናውቅም።

ከተማሪዎቹ ሁለቱ ነርሶች ናቸው። አንደኛዋ «ሊጡንማ እኔ አውቀዋለሁ፤ የማቦካው እኔ ነኝ» አለች። ጋሼ ሳቁ። «ከካንት በኋላ የተነሱት ጀርመኖች ያሉት ይህንኑ ነው» አሉ።

ትምህርቱ ዋጋውን ያወጣው ግን ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግል ላይ ነው። ሁለት ቅዳሜ ወሰደ። ጋሼ የጀመሩት በወሬ ነው። 1806፣ ኦክቶበር፣ ዬና ከተማ። ሄግል የመጀመሪያውን ትልቅ ሥራውን እየጨረሰ ነው። የናፖሊዮን ጦር ከተማዋን ይዟል። ሄግል ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ንጉሠ ነገሥቱን፣ ያን የዓለም ነፍስ፣ በፈረስ ሆኖ ከከተማ ሲወጣ አየሁት አለ። በማግስቱ ጦርነቱ ሆነ፤ ፕሩሲያ ተሸነፈች። ከእኛ ጋር የሚማሩ አንድ የባንክ ጡረተኛ አሉ። «እኔም በ83 ታንክ ሲገባ በመስኮት አይቻለሁ። የዓለም ነፍስ አልመሰለኝም» አሉ።

ከዚያ ያቺ አስቸጋሪ የጀርመን ቃል መጣች። አውፍሄቡንግ። ሄግል የሚወዳት በአንድ ጊዜ መሰረዝም፣ ማቆየትም፣ ከፍ ማድረግም ስለምትሆንለት ነው። እንግሊዝኛው ለዚህች ቃል ተስማሚ አጥቶ ብዙ ተቸግሯል አሉ። ከዚያ ጋሼ ወደ ካፌው ባለቤት ዞሩ።

«እገዳው ተነሳ ሲባል ምን ማለት ነው?»

«ቀረ፣ ተሰረዘ።»

«የተረፈውን እንጀራ አንሺው ብልሽስ?»

«አስቀምጪው ማለትዎ ነዋ።»

«ልጁን አንሺው ብልሽስ?»

«ከመሬት ብድግ ላደርገው።»

«በቃ። ቃሉ ማንሳት ነው። እናቶቻችን ጓዳ ውስጥ ሲሉት የኖሩት።»

እኔ ደብተሬ ላይ «ማንሳት» ብዬ ጽፌ ሦስቴ አሰመርኩበት። ይህን ሃሳብ ቀደም ብሎ ዩቲዩብ ላይ በእንግሊዝኛ ሰምቼው ነበር። አንዳች አልገባኝም ነበር። እዚህ በሦስት ጥያቄ ገባኝ። እውነት ለመናገር ለዚህ ትምህርት ገንዘብ ልክፈል ወይስ አልክፈል ለሚለኝ ሰው የምመልሰው ይህችን ነው።

ሁሉም ቃል እንዲህ አልተሳካም። ጋይስት የሚለውን ጋሼ «መንፈስ» ሲሉት ዲያቆኑ አልተመቸውም። (አዎ፣ ዲያቆንም አለን። ከእኛ ሁሉ በደንብ አንብቦ የሚመጣው እሱ ነው።) «መንፈስ በታሪክ ውስጥ ራሱን እያወቀ ይሄዳል ካሉ፣ የትኛው መንፈስ እንደሆነ ይንገሩኝ» አለ። ጋሼ ሄግል ራሱ ቱቢንገን ላይ ነገረ መለኮት መማሩን ነገሩት። ዲያቆኑ ግን ጥያቄዬ ይህ አልነበረም አለ። ልክ ነው፣ አልነበረም።

ሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። ጋሼ ሄግል ከሞተ በኋላ በ1837 ከታተመው የታሪክ ፍልስፍና ሌክቸሩ ስለ አፍሪካ ያለውን አነበቡልን። ታሪክ የሌለው፣ እንቅስቃሴም ዕድገትም የማያሳይ የዓለም ክፍል ነው ይላል። ግብፅንም ከአፍሪካ መንፈስ ቆርጦ ያወጣታል። ጋሼ አላለሳለሱትም፣ ቀስ ብለው አነበቡት። ሲጨርሱ ማንም አልተናገረም። የሚሰማው ጀበናው ሲንተከተክ ብቻ ነው። በመጨረሻ የባጃጁ ልጅ «ታዲያ እኔ ይሄን ሰውዬ በገንዘቤ የምማረው ለምንድነው?» አለ።

«ሰውዬው እግሩ እዚህ ረግጦ አያውቅም» አሉ ጋሼ። «ከሚስዮናውያንና ከመንገደኞች መጻሕፍት ለቃቅሞ ነው። ይህን የምልህ ልማልድለት ብዬ አይደለም። ንክሩማን ፈልገህ አይደል የመጣኸው? በል ፋኖንን ውሰድ።»

ከዚያ የጌታና የባሪያውን ታሪክ መለስ ብለው አነሱት። ሄግል ዘንድ ጌታው ከባሪያው የሚፈልገው ዕውቅና ነው። ግን ከበታቹ የሚያገኘው ዕውቅና አይሞላለትም። ባሪያው ደግሞ እየሠራ፣ እጁ በነገሩ ላይ እየዋለ፣ ራሱን ያውቃል። የማርቲኒኩ ልጅ ፍራንዝ ፋኖን በ1952 ይህንኑ ይዞ እዚህ ላይስ አይሠራም አለ። የቅኝ ግዛቱ ጌታ ከጥቁሩ የሚፈልገው ዕውቅና አይደለም፣ ጉልበት ነው። «አየህ» አሉ ጋሼ፣ «ፋኖን ሄግልን አልጣለውም። አነሳው።»

ልጁ ብሩን አላስመለሰም። አሁን ባጃጁ ጀርባ ላይ «አንሳው» ብሎ አጽፏል። ተሳፋሪው ዕቃ አንሳ የተባለ ይመስለዋል።

ኪርከጋርድን ግማሹን ያስተማረው ዲያቆኑ ነው ማለት ይቻላል። የኮፐንሃገኑ ሰው በ1843 በብዕር ስም ስለ አብርሃምና ይስሐቅ ጽፏል። ጥያቄው ይህ ነው፦ አብርሃም ያደረገውን ለሰው ማስረዳት የማይችል ከሆነ፣ እምነት ከሁሉ የጋራ ሥነ ምግባር ወጥቶ ብቻውን ይቆማል ወይ? ዲያቆኑ ዘፍጥረት 22ን በቃሉ ወጣው፣ አንድም እያለ አራት መንገድ አሳየን። ነርሶቹ ግን ልባቸው የቀረው ሌላ ቦታ ነው። ኪርከጋርድ በ1841 ሬጊነ ኦልሰን ለምትባል ልጅ ያሰረላትን ቀለበት መለሰ፤ ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ስለ እሷ ዙሪያ ጥምጥም ጻፈ። «ይሄ ፍልስፍና አይደለም፣ ብልግና ነው» ተባለ። ከዚያ በኋላ ስለ ጭንቀት የተባለውን ማንም በደንብ አልሰማም።

ማርክስ ላይ ጋሼ ተለወጡ። እሳቸው የ66ቱ ትውልድ ናቸው፣ ያኔ ተማሪ ነበሩ። ሌላ ጊዜ ቆመው የሚያስተምሩት ሰውዬ ያን ቀን ተቀመጡ። ማርክስ በ1845 የጻፋትን፣ ፈላስፎች ዓለምን ተረጎሟት እንጂ ዋናው መለወጡ ነው የምትለዋን አነበቡ። «እኛ ሄግልን ሳናነብ ማርክስን አነበብን። ማርክስን ሳንጨርስ ሌኒንን ጀመርን። ሌኒንን ደግሞ ያነበብነው ከበራሪ ወረቀት ነው» አሉ። ስድስት ኪሎ ያለውን የማርክስ ሐውልት የማውቀው ታክሲ እየጠበቅሁ ጥላው ሥር ቆሜ ነው። ጋሼ በዚያ በኩል ሲያልፉ ዛሬም መንገድ እንደሚሻገሩ ነገሩን። ለምን እንደሆነ አልነገሩንም። አልጠየቅናቸውም። ትምህርቱ ያን ቀን ከሰዓቱ ቀድሞ አለቀ።

ኒቼን ፈርቼው ነበር፤ ዲያቆኑ ይጣላል ብዬ። በ1882 የጻፈው ያ እብድ ሰውዬ አለ አይደል፣ በጠራራው ጠዋት ፋኖስ አብርቶ ገበያ መሃል እግዚአብሔርን የሚፈልገው። ጋሼ እንዲህ አሉ፦ «ሰው ይህን እንደ ድል ጩኸት ያነበዋል። አይደለም፣ መርዶ ነው። መርዶ መቼ ነው የሚነገረው?» ሁላችንም በአንድ ድምፅ «በጠዋት!» አልን። «እብዱ መርዶ ነጋሪ ነው። ገበያተኞቹ ሳቁበት፤ ምክንያቱም ሟቹን አስቀድመው ረስተውታል። ያዘነው እሱ ብቻ ነው።» ዲያቆኑ ብዙ አሰበና «እንዲህ ከሆነ ልቅሶ መድረስ ነውር የለውም» አለ። ይህችን ለማንም ብናገር አያምነኝም።

ሁሰርል ከባድ ነው። አልደብቃችሁም። በ1900 እና በ1901 ባወጣቸው ጥራዞች የጀመረው ፌኖሜኖሎጂ የሚባለው ነገር፣ ነገሩ ለእኛ እንዴት እንደሚታየን ሳንቸኩል መግለጽ ነው። ጋሼ አንድ ሲኒ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው «የምታዩትን ብቻ ንገሩኝ» አሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲኒ አየን። ጀርባውን ማንም አላየውም፤ ግን ግማሽ ሲኒ አየሁ የሚል ሰው የለም። ለምን? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ደንበኛ ቤት ቡና ሲቀርብልኝ ይመጣብኛል። ከትምህርቱ ይልቅ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን የወረቀቶቹ ነገር ነው። ሁሰርል አይሁዳዊ ትውልድ ስለነበረው በ1933 ናዚዎች ከዩኒቨርሲቲ አገዱት። በ1938 ሞተ። 40,000 ገጽ ያህል በአጭር እጅ ጽሕፈት የጻፈው ቤቱ ቀረ። ቫን ብሬዳ የሚባል ቤልጂየማዊ የፍራንሲስካን መነኩሴ ያን ሁሉ በዲፕሎማት ሻንጣ ከጀርመን አውጥቶ ሉቨን አደረሰው። ዲያቆኑ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። መጽሐፍ ይዞ የሚሸሽ መነኩሴ እኛም አገር አዲስ ነገር አይደለም።

ስምንተኛው ቅዳሜ የእኔ ቀን ነበር። ሃይደገር፣ የ1927ቱ መጽሐፉ። ጋሼ መዶሻውን አስረዱ። አናጢው ሲመታ መዶሻውን አያየውም፣ ሥራውን ነው የሚያየው። መዶሻው የሚታየው ሲሰበር ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እስቲ አንተ ተናገር፤ የተሰበረ ነገር ሐኪም አንተ ነህ» አሉኝ።

ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ግን ይህን አውቀዋለሁ። ሰው ፍሪጁን አያየውም። ከፍቶ ውሃ ያወጣል፣ ይዘጋል። አሥር ዓመት አብሮት ኖሮ ጀርባው ምን እንደሚመስል አያውቅም። የቆመ ቀን ግን ፍሪጁ ድንገት ቤቱን ይሞላዋል። እሱ ብቻ አይደለም የሚታየው። የእናቱ ኢንሱሊን ይታየዋል። ለክርስትናው የተገዛው ሥጋ ይታየዋል። የጎረቤት ፍሪጅ ይታየዋል፣ ከጎረቤት ጋር መኳረፉም ትዝ ይለዋል። ትናንት መብራት ሄዶ ሲመጣ ብልጭ ያለው ይታየዋል። እኔ በሩን ሳንኳኳ የሚያገኘኝ ሰው ስለ ፍሪጅ አያወራኝም፤ ስለ ኑሮው ነው የሚያወራኝ። እንዲህ ብዬ ተናገርኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ለማለት እሱ ከ400 ገጽ በላይ ፈጅቷል» አሉ። ያን ቀን ቤቴ የሄድኩት በእግሬ ነው። ታክሲ አጥቼ አልነበረም።

ከሃይደገር ሌላ የማልረሳው «ነው» እና «አለ» ናቸው። ጀርመኑ ለሁለቱም አንድ ግስ ነው ያለው። ሲኒው ነጭ ነው፤ ሲኒው አለ። እኛ ዘንድ ሁለቱ ቃል «ነበር» ላይ ካልሆነ በቀር አይገናኙም። ጋሼ «መሆን ምንድነው የሚለው ጥያቄ በአማርኛ ሲጠየቅ መጀመሪያ ለሁለት ይከፈላል» አሉ። ሃይደገር ሰውን የሚጠራበትን ዳዛይን የሚለውን ቃል ሊተረጉሙ ሦስት ነገር ሞከሩ፤ ህላዌ አሉ፣ እዚህ-ያለው አሉ፣ አለሁ-ባይ አሉ። የመጨረሻውን ወደድኩት። ሰው «አለህ?» ሲባል «አለሁ» ብሎ የሚመልስ ፍጡር ነው። ሰላምታችን ሁሉ በዚያ አይደል የሚጀምረው?

በዚያው ቀን ጋሼ ሌላውንም አልዘለሉትም። ሃይደገር በ1933 የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ሆነ፤ በዚያው ዓመት የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። መጽሐፉን መታሰቢያ ያደረገው ለመምህሩ ለሁሰርል ነበር። በ1941 እትም ያቺ ገጽ ወጣች። ቀብሩም ላይ አልተገኘም። የባንክ ጡረተኛው «የመምህሩን ቀብር የቀረ ሰው ስለ ሞት ምን ያስተምረኛል?» አሉ። ነርሷ መድኃኒቱ ይሠራል ወይ ነው እንጂ የቀማሚው ጠባይ ምን አገባኝ አለች። ክርክሩ እስከ ታክሲ ተራ ወረደ። እኔ እስከ አሁን ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ አላውቅም። ስለ ፍሪጅ የተናገርኩት ከእሱ ጋር መስማማቱ ትንሽ ይከነክነኛል።

ሳርትር በካፌ ሲማሩት ጥሩ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ ሬሞን አሮን የሚባል ጓደኛው ከበርሊን መጥቶ፣ የቀረበላቸውን የአፕሪኮት ኮክቴል እያሳየ፣ በፌኖሜኖሎጂ ስለዚህ ብርጭቆም መፈላሰፍ ይቻላል አለው። የሳርትር የሕይወት ጓደኛ፣ ፈላስፋዋ ቦቩዋር ናት ያወራችው። ሳርትር ያን ሰምቶ ሁሰርልን ሊያጠና በርሊን ሄደ። እኛ በሲኒ የጀመርነውን እነሱ በኮክቴል ጀመሩት ማለት ነው። ከዚያ በ1943 መጽሐፉ ውስጥ ያለው አስተናጋጅ መጣ። አካሄዱ የተጋነነ፣ ጎንበስ ማለቱ የበዛ፤ አስተናጋጅ መሆንን የሚተውን ሰው። ራሱን ይሸነግላል ይላል ሳርትር። የካፌዋ አስተናጋጅ ሲኒ እየሰበሰበች ሰማች። «ሰውዬው ቲፕ ይሰጥ ነበር?» አለች። ትምህርቱ ለአምስት ደቂቃ ተቋረጠ።

ቦቩዋርን ያስተማሩት ባለቤቷና ነርሶቹ ቢሆኑ ይሻል ነበር። ሰው ሴት ሆኖ አይወለድም፣ ሴት ይሆናል የሚለው የ1949 ሃሳብ ጋሼ አፍ ላይ አልሞቀም። ባለቤቷ ባንኮኒው ኋላ ሆና የተናገረችው ይበልጥ ገባኝ። የንግድ ፈቃድ ልታወጣ በሄደች ጊዜ «ባለቤቱ የት አሉ?» እያሉ ከእሷ ትከሻ በላይ ያዩ እንደነበር ነው የነገረችን።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ግፍ ናቸው። በአሥራ አንደኛው ቅዳሜ ጋዳመርና ኅብረተሰብን የሚተቹት የፍራንክፈርቶቹ አዶርኖና ሆርክሃይመር በአንድ ላይ። በአሥራ ሁለተኛው ፉኮና ደሪዳ። ጋዳመር ላይ ጋሼ ስለ ትርጓሜ ሲያወሩ፣ አንባቢ ባዶ እጁን ወደ ጽሑፍ አይሄድም ሲሉ፣ ዲያቆኑ ስለ አንድምታ ሊናገር እጁን አወጣ። «ጊዜ የለንም» ተባለ። እንዴት ጊዜ የለንም? ለዚያ ነበር የመጣነው! የፍራንክፈርቱ ተቋም ከ1923 ጀምሮ ያለ ነው፣ ስደትም አለበት፣ አሜሪካም አለበት። በሃያ ደቂቃ አለቀ።

ፉኮ ላይ ያ ክብ እስር ቤት፣ ጠባቂው መኖሩን ሳታውቅ ራስህን የምትጠብቅበት፣ ለአፍታ ተነሳ። የብሎካችን ኮሚቴ በር ላይ የሰቀላት ካሜራ ትዝ አለችኝ። ከተሰቀለች ጀምሮ ሰው ቆሻሻ መድፋት ትቷል። የካሜራዋን ገመድ ግን እኔ አይቼዋለሁ፤ ከምንም ጋር አልተገናኘም። ይህን ልናገር ስል ወደ ደሪዳ ገባን። አልጄሪያ የተወለደ፣ በ1967 ሦስት መጽሐፍ በአንድ ዓመት ያወጣ። አንዱ ልጅ «ሰምና ወርቅ ማለት ነው?» አለ። ጋሼ ቆጣ አሉ፦ «ሁሉን ነገር ሰምና ወርቅ አትበሉ። ሰምና ወርቅ ውስጥ ወርቁ ይገኛል። ይኼ ሰውዬ ሰሙን ብትገፉት ሌላ ሰም ነው የሚለው።» ጥሩ መልስ ነበር። ከዚያ መብራት ሄደ። በቃ፣ ዘመናዊ የአህጉር ፍልስፍና እዚያ ላይ አለቀ።

ስለ ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብና ስለ ሐተታው የጠየቀም ነበር። ጋሼ ክላውድ ሰምነር ዓመታት የደከሙበትን፣ ኮንቲ ሮሲኒ ደግሞ በ1920 ሐተታውን የጻፈው አንድ ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ነው ብሎ የተከራከረበትን በአጭሩ ነግረውን «ይህ ሌላ አሥራ ሁለት ቅዳሜ ይፈልጋል» አሉ። እዚህ ላይ መሮጥ አለመፈለጋቸውን ወደድኩት። ለአዶርኖም እንዲህ ቢያዝኑለት ምን ነበር?

ሌላው ጎረቤቱ ነው። ከካፌው ቀጥሎ በርና መስኮት የሚሠራ ብረት ቤት አለ። ግራይንደሩ የሚነሳው ሁልጊዜ አንገብጋቢው ቦታ ላይ ነው። ሳርትር ስለ ምንምነት ያለው ሙሉ በሙሉ ያመለጠኝ በእሱ ምክንያት ነው። ፎቶ ኮፒው 400 ብር ነው። ይህ ከ3,600ው ውጭ መሆኑ ሲመዘገቡ አይነገርም፤ ይነገር። ወንበሮቹ ወገብ ይፈጃሉ፣ ትራስ ይዛችሁ ሂዱ። መጸዳጃው አንድ ነው፣ ቁልፉ ባንኮኒው ላይ ማንኪያ ላይ ታስሮ ተንጠልጥሏል። የጀበና ቡናው 40 ብር ነው፣ ሦስተኛው ሲኒም ይጣፍጣል። ማኪያቶው ይቅርባችሁ። በጾም የጾም ኬክ አላት፤ እኔ አልወደድኩትም፣ ነርሶቹ ግን ለቤታቸው ጭምር ይገዛሉ።

ከ5 4 እሰጣለሁ። ጋሼን ብቻ ቢሆን 5 ነበር።

ቀጣዩ ዙር ከፋሲካ በኋላ ይጀምራል። አሥራ አራት ቅዳሜ እንዲሆን ጠይቀናል፤ ባለቤቷ ታስብበታለች። የምትሄዱ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ከፍሪጁ ራቅ ያለውን ወንበርም ያዙ። ባለፈው ሳምንት ደውላልኝ ነበር፤ ኮምፕረሰሩ ድምፅ ጀምሯል። ሄጄ አየሁት። መቀየር ሳይኖርበት አይቀርም። ዋጋውን ስነግራት ዝም አለች፣ ከዚያ «ስለሚቀጥለው ዙር እንነጋገራ» አለችኝ።